ለምን አመድ አስመሰለቻቸው?

ይህን ክር፣ ስለ ሠዓሊዋ ኤሚ ሼራልድ ሥዕሎች የምንወያይበትን ማለቴ ነው፣ የከፈትኩት በጁን 2025 ነው። (ወሩንና ዓመቱን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ ሰዓቱን ግን እንደኛ።) እስከ ዛሬ መልስ እየመጣ ነው። አርፍደው የገቡ ሰዎች ከየት እንደሚጀምሩ ግራ ስለገባቸው፣ መጀመሪያ የጻፍኩትን እንዳለ አስቀምጬ ከዚያ ማን ምን እንዳለ በራሴ አፍ ልንገራችሁ። አውራ ጣት ብቻ አሳይተው ያለፉትን አልቆጠርኳቸውም፤ እንዳይቀየሙኝ።

የመክፈቻው ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ ሥዕል ብዙም አላውቅም፤ ለምታውቁት ጥያቄ አለኝ።

አክስቴ ከደሴ መጥታ እኔ ጋ፣ ዋሽንግተን አጠገብ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። አርባ ዓመት ልብስ ሰፍታ ልጆች ያሳደገች ሴት ናት። እዚህ ከመጣች ወዲህ ግን ከቤት ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ቤት ሆነባት። እኔም ሥራ ላይ ነኝ። አሳዘነችኝና አንድ ዓርብ ፈቃድ ወስጄ ኒውዮርክ ይዣት ሄድኩ። ዊትኒ የሚባለው ሙዚየም ብዙውን ቀን ለአዋቂ 30 ዶላር ያስከፍላል። ዓርብ ግን ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት መግቢያው ነፃ ነው። ለሁለት ሰው 60 ዶላር ዳነልኝ ማለት ነው።

አውቶቡሳችን መንገድ ላይ ተበላሽቶ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን። ስንደርስ 1 ሰዓት ተኩል አልፏል። ሰው በሰው ነው። ተማሪው፣ የልጅ ጋሪ የሚገፋው፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ የሚዞረው። በተለይ ጥቁር አሜሪካውያኑ ዘንጠው ነበር የመጡት፤ ሰርግ የተጠሩ ነው የሚመስሉት። አንዲት አሮጊት ቢጫ በቢጫ ለብሰው፣ ከልብሳቸው ጋር የሚሄድ ባርኔጣ ደፍተው ሲያልፉ አክስቴ ዞራ አየቻቸው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ድግስ መሆኑን ብትነግሪኝ ደህና ልብሴን እለብስ አልነበር ብላ ተቆጣችኝ።

ኤግዚቢሽኑ የኤሚ ሼራልድ ነው፤ የሚሼል ኦባማን ሥዕል የሠራችው ሴት። «አሜሪካን ሰብላይም» ይባላል። ወደ 50 የሚጠጉ ሥዕሎች አሉት፤ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ሰዎች ናቸው። ልብሳቸው ቀለም በቀለም ነው፤ ነጠብጣቡ፣ መስመሩ፣ አበባው። ከኋላቸው ያለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አንድ ደማቅ ቀለም ብቻ። ፊታቸውና እጃቸው ግን ግራጫ ነው። ሁሉም።

አክስቴ አንዷ ሥዕል ፊት ቆመች። ቀይ ባርኔጣና ነጭ ጓንት ያደረገች ወጣት ሴት፣ በጣም ትልቅ የሻይ ስኒ ከነማስቀመጫው ይዛለች። አየቻት፣ አየቻትና «ለምን አመድ አስመሰለቻቸው?» አለችኝ። ጮክ ብላ። እንዲህ ያለ ልብስ አልብሳ ፊታቸውን አመድ ነፋችበት፤ ቅባት የሚቀባቸው ዘመድ የላቸውም?

መልስ አልነበረኝም። ደግነቱ ሚሼል ኦባማ ጋ ስንደርስ አመዱን ረሳችው። ቀሚሱ ረጅም ነው፤ ነጭ ሆኖ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ ቅርጾች ያሉበት፣ እንደ ድንኳን ተዘርግቶ ግማሹን ሥዕል የያዘ። አክስቴ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ጎንበስ አለች። ከታችኛው ጫፍ ጀምራ በዓይኗ ወደ ላይ ወጣች። ፖፕሊን ነው አለች። ከዚያ አየር ላይ በስንዝር ለካችና አምስት ሜትር ይበቃዋል ብላ ፈረደች። ጥበቃ ላይ ያለችው ሴት ጠጋ ስትል ልትቆጣን ነው ብዬ ነበር። እሷ ግን የአክስቴን ጣት ተከትላ የቀሚሱን ጫፍ ታይ ጀመር። አንዷ በአማርኛ፣ አንዷ በእንግሊዝኛ፣ አምስት ደቂቃ ያህል አወሩ። ስለ ምን እንደተግባቡ እነሱ ናቸው የሚያውቁት።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ቀለም የሞላት ሠዓሊ የጥቁርን ሰው ፊት ለምን ግራጫ ታደርጋለች? ለአክስቴ ምን ብዬ ልንገራት?

መልሶቹ

1. የኦክላንዷ እህት ጀመረች። ጨዋ ናት። ኤግዚቢሽኑ ወደ ኒውዮርክ ከመምጣቱ በፊት ሳንፍራንሲስኮ እያለ እንዳየችውና ግራጫው መጀመሪያ እሷንም እንደከበዳት ጻፈች። በእሷ አረዳድ ሠዓሊዋ የቆዳውን ቀለም ያነሳችው፣ ተመልካቹ ሰውየውን ሳያየው በቀለሙ እንዳይመድበው ነው። ቀለሙ ሲነሳ አቋሙ፣ ዓይኑና የለበሰው ይቀራል። ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ፣ በሦስተኛው ግራጫው አልታየኝም ብላ ጨርሳ ለአክስቴ ሰላምታ ላከች።

2. ቀጥሎ የመጣው የኛው ሰፈር ሰው ነው፤ ከቨርጂኒያ። ሳቀብኝ። ይኸው ኤግዚቢሽን በሴፕቴምበር ዋሽንግተን፣ ብሔራዊ የቁም ሥዕል ጋለሪ ሊመጣ ምን አውቶቡስ አስጋለባችሁ አለኝ። እዚያ ደግሞ በየቀኑ ነፃ ነው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ በቀዩ መስመር ባቡር ጋለሪ ፕሌስ ላይ መውረድ ብቻ ነው። እውነቱን ነው። አፈርኩ። ይህን መልስ ግን ያዙልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

3. ከፍራንክፈርት፣ አዲስ አበባ «አለ ፈለገ ሰላም» የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማረ ሠዓሊ ገባ። ቀድሞ ያረመው አክስቴን ነው፣ በአክብሮት። አመድ አይደለም እናቴ አለ፤ ሴትዮዋ ጥቁሩን የምታቀላቅለው ኔፕልስ ከሚባለው ፈዛዛ ቢጫ ጋር ነው፤ ለዚህ ነው ግራጫው ሙቀት ያለው። በአንድ ቀለም እያደመቁና እያደበዘዙ ሰው መሥራት ደግሞ አውሮፓ ውስጥ ዘመናት የቆየ ብልሃት ነው። ከዚያ የአንደኛዋን ሐሳብ በከፊል ብቻ ተቀበለ። እሱ እንደሚለው ሠዓሊዋ መጀመሪያ ላይ የሄደችው በዓይኗ ነው፤ ያማረውን ተከትላ። ስለ ዘር የሚነገረው ትርጉም ከሥራው በኋላ ነው ግልጽ የሆነላት። ይህን ለአክስቴ ነገርኳት። ቢጫው ከገባበት ደህና አለችና ዝም አለች።

4. እስከዚህ ሰላም ነበር። የዳላሱ ሰውዬ ሲገባ ነገሩ ተለወጠ። ቃሉን ለስለስ አድርጌ ላስቀምጠውና፣ ጥቁርን ሰው ከጥቁረቱ አራቁቶ ለነጭ ሳሎን ማቅረብ ንግድ ነው፤ አክስትሽ ካንቺ በላይ ገብቷታል ነው የሚለው። ማስረጃው ገንዘብ ነው። በ2020 መጨረሻ አንድ ሥዕሏ ጨረታ ላይ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል። በግራጫ ሀብታም ሆነች አለ።

5. ይህን ሳያስተባብል የሚተኛ አልነበረም። የኦክላንዷ ተመለሰች፤ የመጀመሪያው ጨዋነቷ ግን ቀንሷል። ዋጋው ልክ ነው አለች፤ «ዘ ቤዘርስ» የተባለው ሥዕል ነው፤ የጨረታው ቤት ከ150 ሺህ እስከ 200 ሺህ ገምቶት 4.2 ሚሊዮን አለፈ። ግን ጨረታ ላይ ገንዘቡ የሚገባው ሥዕሉን ገዝቶ ለነበረው ሻጭ ነው። ሠዓሊዋ ከዚያ ላይ ቤሳ አታገኝም። ከዚያ የሴትዮዋን ታሪክ ዘረገፈችው። ጆርጂያ ውስጥ ኮሎምበስ በ1973 ተወለደች። ባልቲሞር ሥዕል ተምራ እስከ ሠላሳዎቹ ማብቂያ ድረስ አስተናጋጅ ሆና እየሠራች ነው የሳለችው። በዚያ ላይ የልብ ሕመም። በ2012፣ በ39 ዓመቷ፣ የሌላ ሰው ልብ ተተከለላት። በ2016 ያንኑ የዋሽንግተኑን ጋለሪ የቁም ሥዕል ውድድር ስታሸንፍ ከሴት የመጀመሪያዋ ነበረች። ያሸነፈችበት ሥዕል የትኛው ነው? አክስቴ አመድ ያለችው፣ ባለ ስኒዋ ልጅ።

እዚህ ላይ እኔም ጣልቃ ገባሁ። እኔ ራሴ ሳህን አመላልሼ ስለማውቀው ነው መሰለኝ፣ ከልቡ በላይ ያስተናጋጅነቱ ነገር ነካኝ።

6. ከሚኒያፖሊስ አንዲት እናት ከርዕሱ ወጣ ብላ የሚያስቅ ነገር ጻፈች። አያት ከአዲስ አበባ መጥተው የልጅ ልጃቸውን የኔ ቀይ፣ የኔ ቀይ እያሉ ሲያቆላምጡት ይከርማሉ። ልጁ አምስት ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤት ራስህን ሳል ሲባል ቀዩን ከለር አንስቶ ፊቱን ቲማቲም አድርጎት መጣ። መምህርቷ ልጁ ተናድዶ ነው ወይ ብላ እናትየውን አስጠራቻት። እንግዲህ ቀይ ዳማን፣ ብስል ቀይንና ጠይምን ለአሜሪካዊት መምህርት ማስረዳት ምን ያህል ላብ እንዳስወጣት ገምቱ።

7–9. ሦስቱ መልሶች በዚሁ ላይ ናቸው። አንዱ ጠይም ማለት የቱ ጋ ጀምሮ የቱ ጋ እንደሚያልቅ ጠየቀ። ሌላዋ ለትዳር ሲጠያየቁ ቀይ ናት ወይ የሚሉ እናቶችን ወረፈች፤ ስድስተኛዋንም አልማረቻትም፤ ልጅሽን የኔ ቀይ ማለታቸው ያስቃል ወይ፣ ጠይሟ እህቱ ብትሰማስ አለቻት። ስድስተኛዋ ሴት ልጅ የላትም። ቢሆንም ነገሩ የተሰማት ይመስለኛል፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም። ዘጠነኛዋ የዱባይ ልጅ ናት። እዚያ ከሰው ቤት ስትሠራ ፊት ስለሚያነጣ ቅባት የሰማችውን ጽፋ፣ ግራጫ ቢሉን ይሻላል ብላ ወጣች። የዚህችኛዋን አጭር መልስ ብዙ ሰው ወዶላታል።

10. የስቶክሆልሙ ጋሼ፣ እድሜያቸው ገፋ ያለ ናቸው፣ የክሩን ምርጥ ነገር ያመጡት እሳቸው ናቸው ብል አላጋነንኩም። ግራጫው ለምን እንግዳ ሆነባችሁ አሉን። የአባቶቻችሁ ፎቶ ምን ዓይነት ነው? እሳቸው በወጣትነታቸው ፒያሳ ስቱዲዮ ገብተው ሲነሱ ሱፉ የወንድማቸው፣ ክራቫቱ የፎቶ አንሺው ነበር። እጅጌያቸውን ትንሽ ሰብሰብ ያደረጉት ሰዓቱ እንዲታይ ነው፤ ሰዓቱ አይሠራም። ከኋላ በሸራ ላይ የተሳለ ሐይቅ አለ። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፤ እናታቸው ግን አንድም ቀን ልጄ አመድ መስሏል አላሉም። ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ቤተ መንግሥቱን ፎቶ ያነሱ የነበሩትን የቦያጂያን ቤተሰብ አርመኖችንም አነሱ፤ የክብር ምስላችን ለረጅም ዘመን በግራጫ ነው የኖረው ብለው።

ይህን ለአክስቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ተነስታ ቦርሳዋን አመጣች። ውስጡ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ፣ የሟች ባሏ የስቱዲዮ ፎቶ አለ። ሙሉ ሱፍ ለብሶ የስልክ እጀታ ጆሮው ላይ ይዟል። ስልኩ የማን ነው ብላት፣ የፎቶ ቤቱ ነዋ አለች። ሽቦም አልነበረውም።

11. የፍራንክፈርቱ ሠዓሊ በ10ኛው ላይ ጨመረ። ሼራልድ ራሷ ስለ አያቷ የጥቁርና ነጭ ፎቶና ጥቁር አሜሪካዊው ምሁር ዱ ቦይስ በ1900 ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ትርኢት ስላቀረባቸው የጥቁር አሜሪካውያን ፎቶዎች ተናግራለች። እነዚያ ሰዎችም በደህና ልብሳቸው፣ ቀጥ ብለው ነው የተነሱት። እሷም ሰው መንገድ ላይ አይታ ትጠራለች፣ ልብስ ትመርጥለታለች፣ ፎቶ ታነሳዋለች፤ ከዚያ ነው የምትስለው። ጋሼ እንዳሉት ሰዓቱ የግድ የሚሠራ መሆን የለበትም ብሎ ዘጋ።

12. ከቴል አቪቭ የመጣው ልጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰደን። በኛ የግድግዳ ሥዕል ጻድቅ ሙሉ ፊቱ ከሁለት ዓይኑ ጋር ይታያል፤ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን። የሼራልድ ሰዎች ደግሞ ብዙዎቹ ፊት ለፊት ያዩሃል፤ ስለዚህ በኛ ዓይን ሁሉም ጻድቃን ናቸው አለ። ደስ የሚል ነገር ነበር። ሆኖም አንድ ዲያቆን ነኝ ያለ ሰው በ13ኛው ላይ መጥቶ፣ ሕጉ በየዘመኑና በየአጥቢያው እንደሚለያይ፣ ቅዱሳት ሥዕላትንም ከዓለማዊ ጋር ማወዳደር እንደማይገባ አስረግጦ ልጁን ገሠጸው። ልጁ ይቅርታ ጠየቀ። እኔ ግን ማወዳደሩን ወድጄዋለሁ፤ ዲያቆኑ ይፍቱኝ።

14. ዳላስ ተመለሰ። አሁን የያዘው ሥዕሉን አይደለም፣ ነፃነቱን ነው፤ የመግቢያውን ማለቴ ነው። ሀብታም ነጮች በሳምንት አንድ ማታ በር ከፍተው ድሃ ያስገባሉ፣ እናንተ ደግሞ ከሜሪላንድ ድረስ እየሄዳችሁ ታመሰግናላችሁ አለ። አንቺ ልጅ አክስትሽን ለምጽዋት ወሰድሻት ሲለኝ ደሜ ፈላ። መልስ ጽፌ አጠፋሁት። እንደገና ጽፌ እንደገና አጠፋሁት።

15. አጥፍቼ ጥሩ አደረግኩ። የብሩክሊኗ እህት ከኔ የተሻለ አላት። የዊትኒን የዓርብ ማታ ነፃ መግቢያ በገንዘባቸው ከደገፉት ሰዎች አንዷ ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ ወይ ብላ ጠየቀች። ጁሊ ምህረቱ ናት። አዲስ አበባ በ1970 የተወለደችው፣ ልጅ ሆና ከቤተሰቧ ጋር ወደ ሚሺጋን የተሰደደችው ሠዓሊ። የሙዚየሙ የቦርድ አባል ናት። ዕድሜው 25 እና ከዚያ በታች የሆነ ሁሉ በማንኛውም ቀን በነፃ እንዲገባ የተደረገውም በእሷ ሚሊዮኖች ጭምር ነው። በ2021 እዚያው ሙዚየም የራሷን ትልቅ ኤግዚቢሽን አሳይታለች። የዚያን ኤግዚቢሽን ካዘጋጁት ባለሙያዎች አንዷ ሩጄኮ ሆክሊ ናት፤ የሼራልድንም እዚያ ያዘጋጀችው እሷው። እና የደሴዋ እናት በማን በር ነው የገቡት? ጥያቄውን እዚያው ትታው ሄደች።

እንዲህ ያለውን ነገር ሳላውቅ ገብቼ መውጣቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አክስቴ ስትሰማ፣ አባቷ የየት አገር ሰው ነው ብቻ ነው ያለችው።

16. ዳላስ ይቅርታ ጠየቀ ብላችሁ ነው? ጁሊ ምህረቱ አሜሪካዊት ናት፣ ሥዕሏም መስመር በመስመር እንጂ ሰው የለበትም አለ። ከዚህ በኋላ ወደ አሥራ አምስት የሚጠጉ መልሶች ኢትዮጵያዊት ናት፣ አይደለችም፣ ትውልደ ኢትዮጵያ ናት በሚል ጉዳይ ላይ አለቁ። አልተርካቸውም። ከመካከላቸው አንዱ ብቻ ጠቃሚ ነው። ዋሽንግተን ኖሮ ሠዓሊውን እስክንድር ቦጎሲያንን የማያነሳ ሰው ስለ ሥዕል ባይከራከር ይሻላል አለ። እስክንድር ከ1970ዎቹ ጀምሮ እስከ 2001 ድረስ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፤ ከኛ የእንጀራ መደብሮች ጥቂት መንገድ ርቆ።

32. የቶሮንቶው ልብስ ሰፊ። ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቦ የከነከነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አምስት ሜትር። በፍጹም አይበቃም አለ። የዚያ ቀሚስ ታችኛው ክፍል ክብ የተቆረጠ ነው፤ ጥለቱ ደግሞ ቅርጽ ስላለው ሲገጣጠም ጨርቅ ይባክናል። ሰባት ሜትር። እናትየው ሙያተኛ መሆናቸውን አልጠራጠርም፣ ግን ሥዕል ጠፍጣፋ ነው፣ ያታልላል ብሎ ጨመረ። አክስቴ ይህን ስትሰማ ከግራጫው በላይ ተቆጣች። የወንድ ልብስ ሰፊ ምን ያውቃል!

33. ከሉዊቪል፣ ኬንታኪ። ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ የምትሠራ ልጅ ናት። እስካሁን ስትስቅ እያነበበች እንደቆየች፣ ግን አንድ ሥዕል ማንም ስላላነሳው እንደገባች ጻፈች። የብሪዮና ቴይለርን። በማርች 2020 ፖሊስ ቤቷ ገብቶ በጥይት የገደላት፣ 26 ዓመቷ የነበረች፣ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ። ሼራልድ በዚያው ዓመት ለአንድ መጽሔት ሽፋን ሣለቻት። ቀሚሱም ከኋላዋ ያለው ቀለምም ያው ውሃ ሰማያዊ ነው። ጣቷ ላይ የቃል ኪዳን ቀለበት አለ፤ ፍቅረኛዋ ሊያደርግላት አስቦ ያልደረሰላት። ሥዕሉን የሉዊቪሉ ስፒድ ሙዚየምና ዋሽንግተን ያለው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም በጋራ ነው የያዙት። እዚያው ከተማዋ ላይ አይታዋለች፤ ከፈረቃ ወጥታ፣ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች። ግራጫው ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም፣ ቀለበቱ ግን ያበራል ብላ አበቃች።

ለሁለት ቀን ማንም አልጻፈም። ዳላስ እንኳ።

34. ጁላይ 24 ቀን ዜናው መጣ። የቨርጂኒያው፣ ያ በ2ኛው ላይ የሳቀብኝ፣ ራሱ ነው ያመጣው። ሼራልድ የዋሽንግተኑን ኤግዚቢሽን ሰረዘች። ምክንያቱ አንድ ሥዕል ነው። ትራንስ የሆነች (ስትወለድ ወንድ ተብላ እንደ ሴት የምትኖር) ጥቁር ሴት የነፃነት ሐውልትን መስላ ችቦ ይዛ የቆመችበት፣ «ትራንስ ፎርሚንግ ሊበርቲ» የተባለው። ሠዓሊዋ እንደተናገረችው ጋለሪው ውስጥ በሥዕሉ ላይ ስጋት ተነስቶ እንዳይቀርብ ሐሳብ ነበረ። ጋለሪውን የሚያስተዳድረው ስሚዝሶኒያን በበኩሉ ሥዕሉ ሰዎች ስለ እሱ ከሚናገሩበት ቪዲዮ ጋር ይቅረብ ብለን ነው እንጂ በቪዲዮ ይተካ አላልንም አለ። እሷ አልተስማማችም፤ ሁሉንም ይዛ ወጣች። የቨርጂኒያው፣ ለሲልቨር ስፕሪንጓ እህት ይቅርታ፣ አውቶቡሱ ትክክል ነበር ብሎ ጻፈ። እንዲህ ያለ ሰው ይብዛልን።

35–41. ከዚያ እሳት ተነሳ። ዲያቆኑ፣ የጋለሪው ሰዎች ጥሩ አደረጉ፣ እንዲህ ያለው ሥዕል በሕዝብ ገንዘብ አይሰቀልም አሉ። የብሩክሊኗ፣ የማትወደውን ሥዕል ማለፍ ትችላለህ፣ ሌላው እንዳያየው ማድረግ ግን ያንተ ሥራ አይደለም አለች። አንዱ መንግሥት ሙዚየም ሲገባ ምን እንደሚሆን እኛ እናውቀዋለን ብሎ ወደ ደርግ ዘመን ወሰደን፤ ሌላው ማነጻጸሪያው ከንቱ ነው ብሎ መለሰው። በሚገርም ሁኔታ ዳላስ ከሠዓሊዋ ጎን ቆመ። ሥዕሏን አሁንም እንደማይወደው፣ ግን ዋሽንግተንን የሚያክል በር ራሷ ዘግታ የሄደች ሴት ለነጭ ሳሎን ትሠራለች ማለቱን እንደሚያነሳ ጻፈ። አንደኛዋ የኦክላንድ ሴት ልብ ሰጠችው። ሁለት መልሶች ሰው የሚያዋርዱ ስለነበሩ አወያዩ አጠፋቸውና ክሩን ለሳምንት ቆለፈው።

እኔ ያንን ሥዕል ኒውዮርክ አይቼዋለሁ፤ ከአክስቴ ጋር። ምን አለች ብላችሁ በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ። የቀሚሱን ቀለም አደነቀችና አለፈች።

42. ክሩ ከተከፈተ በኋላ፣ በመከር፣ የባልቲሞር ጽዋ ማኅበር አባል የሆነች እህት ምሥራች ይዛ መጣች። ኤግዚቢሽኑ ባልቲሞር የሥነ ጥበብ ሙዚየም ከኖቬምበር 2 ቀን 2025 እስከ ኤፕሪል 5 ቀን 2026 እንደሚቆይ ነገረችን። ሼራልድ የተማረችበት፣ አስተናጋጅ ሆና የኖረችበት ከተማ ነው። ሙዚየሙ አጠቃላይ መግቢያውን ከ2006 ጀምሮ ነፃ ያደረገ ነው፤ ለልዩ ኤግዚቢሽን ግን ትኬቱን አስቀድማችሁ እዩ አለች። ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። የቨርጂኒያው ሰባት ሰው የሚይዝ መኪናውን አቀረበ፤ የሉዊቪሏም ለእረፍት ስትመጣ እንደምትቀላቀል ጻፈች።

43. ይህኛው የኔው ነው። አክስቴ ደሴ ገብታለች። ባለፈው እሑድ ደወለች። የጎረቤት ልጅ ልትመረቅ ነው፤ ያንን ቀሚስ ከፎቶ እያየች እየሰፋችላት ነው። ፖፕሊኑን ከገበያ አገኘችው፤ ነጩን። ጥለቱን በሌላ ጨርቅ ቆርጣ እየለጠፈች ነው። አምስት ሜትር በቃ ወይ አልኳት። ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። ስድስት ተኩል አለች።

44. የቶሮንቶው በአሥር ደቂቃ ውስጥ መለሰ። ድሉን ለመቀበል ዝግጁ ነው፤ ግን መጀመሪያ አንድ ነገር ማወቅ ይፈልጋል። ገበሩ ተቆጥሮ ነው ወይስ ሳይቆጠር?

ነገ ደውዬ እጠይቃታለሁ።